ምልክት ያለው ግኝት

«ስሙ፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ! በጤና ጣቢያችን የኦዲት ግኝት ተገኝቷል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከምክር ቤት የሚመጡ እንግዶች ያዩታልና ሕዝቡ እንዳይቀር!»

የቀበሌው ለፋፊ ይህን ሲናገር ከሰቆጣ ወጣ ብላ ያለችው መንደር ገበያዋን አቁማ ሰማች። ያኔ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ኦዲትን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ግኝትን ግን የማያውቅ የለም። የጠፋ ከብት ሲገኝ ነው፤ ባለቤቱ ምልክቱን ተናግሮ ይረከባል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት በግ የጠፋበትም፣ ማረሻ የተሰረቀበትም ፊቱን ታጥቦ መጣ።

ግኝቱን በደንብ የምታውቀው የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ትርፌ ነበረች። ለማዋለጃ ክፍሉ የተገዛ ጄኔሬተር ነው፤ የተገኘውም አለመኖሩ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይሄይስ «አንቺ ፈርሚ፣ ዕቃው ከኋላ ይደርሳል» ብለዋት ፈረመች። ዕቃው እዚያው ከኋላ ቀረ። አሁን ደግሞ ለጥገና ወልድያ ሄዷል በይ ብለዋታል። ብትልም ባትልም ፊርማው የእሷ ነው። ልጆቿን ለእናቷ አደራ ብላ ነው ከቤት የወጣችው።

ከምሳ መልስ በጤና ጣቢያው አዳራሽ፣ ከምክር ቤት የመጣው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተስፋው ጄኔሬተሩ የት እንዳለ በረጋ ድምፅ ጠየቋት።

«ወልድያ… ለጥገና» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

መቼ እንደሄደ ሲጠይቋት አቶ ይሄይስ ቀድመው የመንገዱን ክፋት አንሥተው አብራሩላት፤ አባላቱም ማብራሪያው አጥጋቢ ነው ተባባሉ። ሆኖም፣ አሉ ሰብሳቢው፣ የፈረመችው ሠራተኛ በሕግ ትጠየቅ።

ይህን ጊዜ ትከሻቸው ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ፣ አያ ምንዋጋው፣ ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ፍየላቸው ከጠፋች ሰንብታለች።

«ጌቶቼ፣ ግኝቱ ፍየል ነው?»

«አይደለም አባቴ። ጄኔሬተር ነው።»

«እንዲያ ከሆነ የኔ አይደለም። ግን ምልክቱ ይነገር እንጂ፤ ያየ ሰው አይጠፋም።»

ሰብሳቢው ለወጉ ያህል ከሪፖርቱ አነበቡላቸው፦ ቀለሙ ቢጫ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ በጎኑ ልጇን የታቀፈች እናት የተሣለችበት።

«እናትና ልጅ ያለበት?» አሉ አያ ምንዋጋው ግራ እየተጋቡ። «እሱማ መች ጠፋ? በአቶ ይሄይስ ወፍጮ ቤት ገብሴን ሲፈጭ ትቼው መምጣቴ ነው።»

ክፍሉ ጸጥ ሲል የወፍጮው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ጥርት ብሎ ገባ። ምሳቸውን አቶ ይሄይስ ቤት ሲበሉ በዚያው ድምፅ ላይ እየጮኹ ሲጨዋወቱ የነበሩት የኮሚቴ አባላት፣ ጠረጴዛውን ማጥናት ጀመሩ።

«በይ የተባልኩትን ነው ያልኩት» አለች ትርፌ በቀስታ፣ ቀና ብላ።

ከሕዝቡ መሃል የነበረው የአቶ ይሄይስ ወንድም በጓሮ በር ሾልኮ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ወፍጮው ቀጥ አለ።