የአርባ ደቂቃው ፍለጋ

እትዬ ካርድን ሳላመሰግን የምውልበት ቀን የለም። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ደም ባንካችን ውስጥ ለጋሾችን የሚፈልገውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተስማሚ ደም ያለውን ሰው አግኝቶ እስኪያወጣ አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሰው ባማረረ ቁጥር በኮምፒውተሩ አላክካለሁ፤ አርጅቷል፣ ዲስኩ ደክሟል፣ አዲስ ግዙልኝ እያልኩ አለቃዬን ቁም ስቅሉን አሳየሁት። የራሴን ኮድ ግን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። ግትር ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ውስጤን የሚበላው የእህቴ ነገር ነበር። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ደሟ ደግሞ ከብዙ ሺህ ሰው በአንዱ ብቻ የሚገኝ ዓይነት ነው። ደም የሰጠ ሰው ለሦስት ወር ስለማይደግም፣ የተቀዳውም ደም ከጥቂት ሳምንት በላይ ስለማይቆይ፣ ለጋሽ አስቀድሞ ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ ፍለጋው በዕለቱ ነው። በምጧ ቀን ደም ቢፈስሳት አርባ ደቂቃ ማን ይጠብቃታል?

አንድ ጠዋት እትዬ ካርድ መጡ። መዝገብ ቤቱን ሠላሳ ዓመት የያዙ ሴት ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ሁሉም ነገር በካርድ በነበረበት ዘመን ነው። ለአንድ ሐኪም የለጋሽ ፍለጋውን መልስ ሊወስዱ አጠገቤ ቆመው ጠበቁ። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይተው ምን እያደረገ ነው አሉኝ። ልገላገላቸው ብዬ፣ ፋይሉን እየቆነጠረ ያነባል አልኳቸው። በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚቆነጥር ሲጠይቁኝ ግን ትዝ አላለኝም። ኮዱን ከፈትኩ።

አምስት መቶ አሥራ ሁለት ባይት። የአንድ ለጋሽ መዝገብ እንኳ አይሞላም። የተነበበው ነገር ለጊዜው የሚያርፍበትን ቦታ፣ ባፈሩን፣ እንዲህ ያጠበብኩት እኔው ነበርኩ፤ ሥራውን ስጀምር ማሽኑ ሜሞሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሁለቴ ተቀይሮልኛል፣ ቁጥሩ ግን እዚያው ተጎልቶ ቀርቷል። ለእያንዳንዷ ቁንጣሪ ፕሮግራሙ ዲስኩ ድረስ ይመላለሳል።

ይህንን ስነግራቸው አልሳቁብኝም።

"እኔ ለአንድ ካርድ ምድር ቤት ወርጄ አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። "መሳቢያውን ከነካርዱ ነው ተሸክሜ የምወጣው። ሰውን የሚጨርሰው ደረጃው ነው እንጂ ማንበቡ አይደለም።"

ባፈሩን አንድ ሜጋባይት፣ ማለትም የበፊቱን ሁለት ሺህ እጥፍ፣ አደረግኩትና እንደገና አስነሳሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እሳቸው መልሳቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔ ከኀፍረቴ የተነሳ ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ተደወለ። እህቴ ወልዳለች፣ ደሟ ግን አልቆም ብሏል። ፕሮግራሙን አስነስቼ ፈለግኩ። ወዲያው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወጣ፤ ዳቦ ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ዱቄቱን ሳያራግፍ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

"ተርፋለች" አለኝ። "ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ግን የምነግርህ ሌላ ነበር።"

በማግስቱ መዝገብ ቤት ገባሁ። ምስጋና የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ሐኪሙ ያለውን ብቻ ነገርኳቸው። እትዬ ካርድ ግማሽ ሰዓቱን ከአርባው ደቂቃ ጋር አስተያዩት መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እናትና ልጅ እንዴት ናቸው አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩ።

"እህቴ በእርስዎ ነው የተረፈችልኝ" አልኳቸው።

ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።