ሞክሼ

የቀበሌው ጸሐፊ አስናቀው መዝገቡን ወደ እማዋይሽ አዞረና ጣቱን በቀይ በተሰረዘ ስም ላይ አሳረፈ። «ወለተ ኢየሱስ አድማሴ፣ ሦስት ቃዳ መሬት። በየካቲት ሞተዋል ይላል።»

እማዋይሽ ማንበብ አትችልም፤ ቀዩን መስመር ግን አየችው። «ከሞትሁማ ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ምን አሰለፈኝ?»

ከኋላዋ የቆመ ገበሬ ሣቀ። «እሜቴ፣ ከወዲያ ሲመለሱ የኛን ሰዎች አላዩም?»

«አባትህን አግኝቻቸው ነበር። ድንበር አትግፋ ብለውሃል።»

ወረፋው ሁሉ ሣቀ። አስናቀው አልሣቀም።

በቡሬ ዙሪያ ባለችው በዚህች ቀበሌ፣ መንግሥት ዋጋውን የሚደጉመው ማዳበሪያ የሚታደልበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ዝናቡ ገብቷል። የእማዋይሽ ማሳ አራት ጊዜ ታርሶ በቆሎ ይጠብቃል። ዛሬ ያላገኘ ከነጋዴ በእጥፍ ይገዛል፤ እሷ ደግሞ በእጥፍ የምትገዛበት የላትም። ቀይ አፈሯ ያለ ማዳበሪያ የሚያበቅለውን አምና በማሳዋ ጥግ አይታዋለች፦ ከጉልበት የማያልፍ፣ ፍሬ የማይዝ አገዳ።

ነገሩ እንዴት እንደተሳሳተ ሳትቸኩል አሰበች። መሬት ሲለካ ስም የጻፉት የንስሐ አባቷ ነበሩ፤ ከመሬት ኮሚቴው መጻፍ የሚችሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው የሚያውቋት በክርስትና ስሟ ነውና ያንኑ ጻፉ። ጎረቤቷ አገሬም ክርስትና የተነሣችው በዚሁ ስም ነው፤ ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ሞክሼ» ሲባባሉ ኖረዋል። የአገሬን ስም ግን ባሏ ቀድሞ «አገሬ» ብሎ አስጽፎት ነበር። በየካቲት አገሬ ስትሞት በፍትሐቱ የተጠራው ወለተ ኢየሱስ ነው። ከአስናቀው በፊት የነበረው ጸሐፊ ቀብር ላይ የሰማውን ስም ከመዝገብ ፈልጎ ሰረዘ። በመዝገቡ አገሬ እስካሁን አለች።

«ስሕተት ከሆነ አስተካክለዋለሁ፣ እናቴ» አለ አስናቀው። «እኔ ከፍኖተ ሰላም የመጣሁት ከፋሲካ ወዲህ ነው፤ ሰው አላውቅም። ይችን ብቻ ይንገሩኝ፦ በየካቲት የተቀበረችው ማን ናት? የሷን ሰርዤ የርስዎን እመልሳለሁ።»

«የሷ ድርሻስ?»

«ውርሱ እስኪዞር ይታገዳል። ዛሬ የወጣ ካለም ይመለሳል።»

ከመጋዘኑ በር ላይ የአገሬ ልጅ ወይኒቱ በእናቷ ስም የወሰደችውን ማዳበሪያ አህያ ላይ እየጫነች ነበር። ከእናቷ ማሳ ሌላ የምታርሰው የላትም። ጥያቄውን ሰምታ ገመዱን እንደያዘች ቆመች። አልለመነችም፤ እማዋይሽንም አላየችም፤ የአህያዋን ጆሮ ነበር የምታየው።

እማዋይሽ ምላሷ ላይ የመጣውን ስም ዋጠችው።

«ወለተ ኢየሱስ ናት» አለች።

አልዋሸችም። ቄሱም ለእግዜር የነገሩት ይህንኑ ነው።

አስናቀው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

«እማዋይሽ።»

መዝገቡን ከመጀመሪያው ገለጠ። ጣቱ በየስሙ ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ ገጽ አዞረ፤ እንደገና ወረደ። የአህያዋ ኮቴ ከግቢው ወጥቶ እየራቀ ሄደ።

«እማዋይሽ የምትባል የለችም» አላት።

ከኋላዋ ያለው ገበሬ ተራው እንደደረሰ አውቆ አንድ እርምጃ ቀረበ። እማዋይሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ ከጠረጴዛው ፊት ግን አልተነቃነቀችም።

«እንግዲያማ ጻፋት» አለችው።