ሰልሚያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ቃል

ሰልሚያ ሸምሶ "ዳም ኢት" የምትባለውን የፈረንጅ ቃል የለመደችው ዩኒቨርሲቲ እያለች፣ ከፊልም ነው። ቡታጅራ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች አራት ዓመቷ፤ ጠመኔ ሲሰበርባት ዳም ኢት፣ ባጃጅ ጥሏት ሲሄድ ዳም ኢት፣ የስልኳ ቻርጅ ሲያልቅ ዳም ኢት። ተማሪዎቿ "ቲቸር ዳም" ብለው ስም አውጥተውላታል። በማንም ላይ ክፉ አስባ አይደለም፤ አመል ነው።

የዚያን እሑድ ግን አመል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራምዚ ሽማግሌዎች ከጉንችሬ መጥተው አባቷ ሳሎን ተቀምጠዋል። ራምዚ ምን ይወጣለታል? የተረጋጋ ሰው፣ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ ልጅ። እሷ ግን አልፈለገችውም፤ በቃ፣ አልፈለገችውም! አባቷ "ምን ትያለሽ?" ብለው ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። "አፍራ ነው፣ ተስማምታለች" ተባለ። ዛሬ ሽምግልና ብቻ ነው፣ እስከ ሰርጉ ዓመት አለ፣ እስከዚያ አንድ ነገር እላለሁ እያለች ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ራሷን ስታባብል፣ አጎቷ ሙሀመድሰይድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሁላችንም ከተሰበሰብን ምን ያስጠብቀናል? ኒካው ዛሬውኑ ይታሰር!" ብለው እርፍ። "ማሻአላህ!" አለ ቤቱ። እጅ ሁሉ ለዱዓ ተዘረጋ።

"ዳም ኢት!"

ከመጋረጃው ጀርባ ነው የተሰማው፣ ያውም ጮክ ብሎ። ሰልሚያ አፏን በእጇ ያዘች። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ አምልጧታል።

የራምዚ ታናሽ ወንድም ዑመይር፣ አይ የሱ ነገር፣ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና "ይረገም ማለት ነው ይላል" ብሎ አነበበ።

ዱዓውን የሚመሩት ሐጂ ሸረፋ ናቸው፤ የእሳቸውን ደንብ ደግሞ የማያውቅ የለም። በዱዓ መሀል እርግማን ከተሰማ ተናጋሪውን አስቁመው ይጠይቃሉ። እርግማን ነው ካለ ሁሉም ጫማውን አድርጎ ይሄዳል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ማንም በማንም አይቀየምም።

"ነይ ልጄ" አሉ ሐጂ።

ወጣች። ራምዚ መሬት መሬቱን ያያል። አባቷ ለዱዓ የዘረጉትን እጅ ገና አልሰበሰቡም።

"ያልሽው እርግማን ነው?"

አዎ ብትል አለቀ፣ ነፃ ናት። አንዲት ቃል ብቻ! የአባቷን እጅ አየች።

"መዝገበ ቃላቱ እንደሱ ይላል ሐጂ፣ ግን ሰው ሲናገረው ሌላ ነው።" ክፍል ውስጥ የቆመች ይመስል ምላሷ ተፈታ። "ፈረንጆቹ እንቅፋት ሲመታቸው ይሉታል። ምግብ ሲጥማቸው እንኳ ይሉታል። እኛ 'ውይ!' እንደምንለው።"

"የፈረንጁን ተዪው። አንቺ ዛሬ ስትዪው እርግማን ነበር?"

ነበር እንጂ! ከአንጀቷ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ቃሉን የምሯን ያለችው ዛሬ ብቻ ነው።

"ደንግጬ ነው" አለች።

ሐጂ ሸረፋ ዝቅ ብለው፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ማንም አይቆጣሽም። አባትሽን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። እርግማን ነበር?" አሏት።

ሰውዬው ሊያስመልጧት እንደሆነ ገባት። ግን ያ ሁሉ ሰው ከጉንችሬ መጥቶ፣ ያ ሁሉ ድግስ ተደግሶ፣ አባቷ ነገ ገበያ መሀል በምን ዓይናቸው ይሄዳሉ?

"አይደለም፣ ምንም ማለት አይደለም" አለች።

"አልሐምዱሊላህ!" ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አጎቷ "ይቺን ቃልማ እኔም እለምዳታለሁ!" ብለው አሾፉ። አባቷ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ዱዓው ተደረገ፤ ኒካው ታሰረ።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ሲበተን ሐጂ ሸረፋ በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ቀና ብለው አዩዋት።

"ሦስቴ ጠየቅኩሽ እኮ፣ ልጄ" አሉ።

"አውቃለሁ ሐጂ" አለች።