ከቼዘሯ ሆድ የወጣው

መዝገቡ አሥራ አንድ ዓመት ካናዳ ካልገሪ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ጓደኞቹ ቤት ለመግዛት ሲራወጡ እሱ ዶቨር ሰፈር ካለው አሮጌ የኪራይ ቤቱ ሳይነቃነቅ አንዲት መኪና ይመኝ ነበር፤ የ1999 ቶዮታ ቼዘር፣ ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ መሪዋ በቀኝ፣ ባለ ቱርቦ። ቆማ ላያት የጡረተኛ መኪና ትመስላለች። ነዳጇን የረገጣት ግን ወንበሩ ጀርባውን ሲመታው ነው ማን እንደሆነች የሚያውቀው። ሚስቱ ፈትለወርቅ፣ «ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ እየነዳህ ገና መኪና አልጠገብክም?» ትለዋለች። እሱም፣ «አውቶቡስማ ቤት መግፋት ነው» ይላታል።

ካናዳ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን መኪና ከጃፓን ማስገባት ትፈቅዳለች። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ አድማሱ የሚባል ወዳጅ ነበረው። አድማሱ ሳቫና በሚባለው የካልገሪ ሰፈር ሰፊ ጋራዥ ያለው ቤት አለው። ከጃፓን ጨረታ መኪና እያነሳ ያስመጣል፣ ያሳጥባል፣ ኢንስፔክሽን ያሳልፋል፣ ለሐበሻው ይሸጣል። በቤተ ክርስቲያንም የኮሚቴ አባል ነው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ወንበር የሚደረድር፣ ሰው ሲያዋየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚያዳምጥ። የመዝገቡ እናት ወይዘሮ ትርንጎ አዲስ አበባ ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ከጎኑ ያልተለየው እሱ ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ቼዘሯን በእሱ በኩል ሲያስመጣ ብዙ አልመረመረም። አድማሱ የጨረታውን ወረቀት አሳየው፤ በጃፓንኛ የተጻፈ፣ ጥግ ላይ አራት ቁጥር ያለበት።

«አራት ማለት ንጹሕ ማለት ነው» አለው። «ይቺ ዝገት የሚባል አታውቅም። ጃፓኖች መኪና እንደ ልጅ ነው የሚይዙት።»

የመጀመሪያው ወር የፍቅር ወር ሆነ። ከሺፍት ሲወጣ ዞር ዞር ሳይል ቤቱ አይገባም። በጥቅምት ብርዱ ሲበረታ ማሞቂያውን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ይመስል ነበር፣ ሲሰነብት የሞተ አይጥ ሆነ። ፈትለወርቅ አንድ ቀን በዚያ ቅዝቃዜ መስኮቱን ከፍታ፣ አንገቷን አውጥታ ቤቷ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ እግሯን አላስገባችባትም። መዝገቡ ምንጣፉን ሲያነሳ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ አዝሎ አገኘው። ሲጨምቀው ሻይ የመሰለ ውሃ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ነጭ ሻጋታ የለበሰ የሰው ፀጉር፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የተላመጠ ማስቲካ አንድ ላይ ተጣብቀው ወጡ። በጓንት ሲያጸዳ ዋለ። ያም ሆኖ አድማሱን አልጠረጠረም። «ሃያ ምናምን ዓመት የኖረች ዕቃ ናት» እያለ ራሱን አጽናና።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የክረምት ጎማ ሊቀይር በግራ በኩል ከበሩ በታች ባለው ቆርቆሮ ክሪኩን ደግፎ ማንሳት ጀመረ። መኪናዋ አልተነሳችም፤ ክሪኩ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ቆርቆሮው እንደ ብስኩት ተንኮታኮተ። የተቀባው ጥቁር ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠና ቡናማ ውሃ እጅጌው ውስጥ ፈሰሰ። ካቻቢቴ አምጥቶ ቢወጋው እስከ እጀታው ሰመጠ። ብረት የሚባል አልቀረም። ፊት ለፊት ስቱኮ፣ ከስቱኮው ኋላ ቢጫ ፎም፣ ከፎሙ ኋላ የተጨማደደ ወረቀት።

ወረቀቱን እየጎለጎለ አወጣ። አንዱን ቢዘረጋው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ከጃፓን በመጣች መኪና ሆድ አማርኛ ምን ይሠራል? ሁለተኛውን ዘረጋ። የእናቱ ፊት ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ባረፉ በአርባኛው ቀን ካልገሪ ላይ ጸሎት ሲደረግ፣ ፎቶአቸው ያለበትን የመታሰቢያ ወረቀት ያሳተመው አድማሱ ነበር። «ይቺን ለእኔ ተዋት» ብሎ ማንንም አላስነካም። የተረፈውንም ካርቶን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ጋራዡ ወስዶት ነበር። ዝገቷ የተደፈነው እንግዲህ ጃፓን አይደለም፤ እዚሁ፣ ሳቫና ነው። ነጠላቸውን የተከናነቡት እናቱ አፋቸው ላይ ፎም ደርቆበታል፣ ግንባራቸው በዝገት ቀልቷል። ሌላ ጎተተ፤ እሳቸው ናቸው። ሌላም ጎተተ፤ እሳቸው ናቸው። አጥሩ ሥር ሄዶ አስታወከ።

ፈትለወርቅ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ወረቀቶቹን አየች፣ ከመሬት ለቀመች፣ አንድ በአንድ በፎጣ ጠረገቻቸው።

«ይሄን ሰው በእጄ አጉርሼዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መዝገቡ በሚስቱ መኪና ሳቫና ሄደ። አድማሱ ደጁ ላይ ቆሞ ለአንዲት ወጣት ብርማ ስካይላይን የምትባል የጃፓን መኪና ያሳያል። ወጣቷ ቢታንያ ትባላለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኤርፖርት ሻንጣ ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት።

«መዜ! እግዜር ነው ያመጣህ» አለ አድማሱ። «ቢቲ፣ ጋሼ መዝገቡ ከእኔ ነው የገዛው። ጠይቂው እስቲ።»

ልጅቷ ዞረች። «ጋሼ፣ ላይክ… ሃፒ ነህ? ሶሪ፣ ነዎት? መኪናው ፕሮብሌም የለውም?»

መዝገቡ ከኮቱ ኪስ አንዱን ወረቀት አውጥቶ ለአድማሱ ዘረጋለት። አድማሱ አየው። መዝገቡ መንገዱን ሁሉ ሲመጣ ያሰበው ነገር ነበር፤ ሰውየው ሲደነግጥ፣ ምናልባትም ሲያለቅስ። አድማሱ ግን ልጅቷ እንዳትሰማ ጠጋ ብሎ፣

«ሰውዬ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለ። «ፎሙ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። እጄ ላይ ያገኘሁትን ነው የከተትኩት። ሆን ብዬ መሰለህ?»

«እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ስማኝማ። ኤርድሪ ከተማ አንድ ፈረንጅ አለ፣ እንዲህ ዓይነት መኪና ሲፈልግ ነው የከረመው። ሥሯን ዝቅ ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። እደፍናታለሁ፣ እሸጥልሃለሁ። አንተ ዝም ብቻ በል።»

መዝገቡን ያ ደረት ላይ ያረፈ እጅ ከዝገቱ ውሃ ይልቅ ቀፈፈው። ስንት ለቅሶ ላይ አይቶታል! ወደ ስካይላይኑ ሄደ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ በረዶው ላይ በጀርባው ተኛና የቤቱን ቁልፍ ከበሩ በታች ሽቅብ ወጋው። ቁልፉ ገባ። ሲያወጣው ቢጫ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ።

«ነይ፣ እዪው» አላት።

ቢታንያ ተንበርክካ በስልኳ መብራት አየች። «ኦ ማይ ጋድ። ጋሼ አድማሱ፣ ይሄ ፎም ነው?»

«ኢንሱሌሽን ነው» አለ አድማሱ ሳያፍር። «ለብርዱ።»

«መኪና ኢንሱሌሽን ምናምን የለውም!»

ፎቶ አነሳች፣ የመጣችበትን መኪና አስነስታ ሄደች። አድማሱ ከዓይኑ እስክትጠፋ ከተመለከታት በኋላ ወደ መዝገቡ ዞረ።

«እንጀራዬን ዘጋህ» አለው። «በአንድ ቁራጭ ወረቀት!»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ መጣ። አቶ መኳንንት፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት፣ አድማሱን አስከትለው ዶቨር ደረሱ። አድማሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክሟል።

«ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አሉ አቶ መኳንንት። «አንተም ብትሆን ሰው ፊት በማዋረድህ ደግ አልሠራህም።»

«ጋሼ፣ ልጅቷ ያን መኪና ይዛ ሀይዌይ ልትወጣ ነበር እኮ።»

«ገባኝ። እሱም ጥፋቱን አምኗል። ይኸው ካሣም ይዞ መጥቷል።»

አድማሱ ላስቲኩን ፈታ። ከጃፓን የመጣ የቼዘር ቆርቆሮ ነበር፤ አዲስ፣ በግራም በቀኝም ከበሩ በታች የሚገባው። መዝገቡ ወራት ሙሉ ቢፈልገው የማያገኘው ዕቃ ነው። አድማሱ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። መዝገቡ የሽቶው ጠረን እንዳይገባበት ትንፋሹን ያዘ። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ቆርቆሮው ላይ ነበር።

«እሺ» አለ።

ፈትለወርቅ ለእንግዶቹ ያመጣችውን የሻይ ትሪ እንደያዘች ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች። አልወጣችም።

ብየዳውን የሠራው የሺዋስ ነው። የሺዋስ ሥራውን ሜካኒኮች የሚመሰክሩለት፣ ቃል የሚቆጥብ በያጅ ነው። የበሰበሰውን ሁሉ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ቆረጠ፣ አዲሱን በየደ፣ ውስጡን ሰም ቀባው። ሚያዝያ ላይ መንገዱ ሲደርቅ መዝገቡ ወደ ኤርድሪ በሚወስደው ሀይዌይ ወጥቶ ነዳጅ ረገጠ። ቱርቦው ጮኸ፣ ወንበሩ ጀርባውን መታው፤ የተመኛት መኪና ይቺው ናት። ጥርሱን ነክሶ እንደነበረ ያወቀው ግን ቤቱ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ፈትለወርቅ ስልኳን አምጥታ ሰጠችው። አድማሱ በገጹ ላይ የቼዘሯን ፎቶ ለጥፏል፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆማ ያነሳትን። «እኛ ያስመጣናት፣ እኛ ያደስናት» ይላል። ከሥሩ ቀይ ልብ ተዥጎድጉዷል። አንዱ «ተባረክ አድሜ፣ የሐበሻ ኩራት» ብሎታል።

መዝገቡ የፎሙንና የስቱኮውን ፎቶ ከሥሩ ለጠፈ። የእናቱን አልለጠፈም፤ በእነዚያ ልቦች መሃል እንዲቀመጡ አልፈለገም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፎቶዎቹ ተሰረዙ፣ እሱም ብሎክ ተደረገ። በቀጣዩ እሑድ አድማሱ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ሰው ይቀበል ነበር። መዝገቡ በጎን በር ገባ።

በዚያው ሳምንት ቼዘሯን ይዞ የሺዋስ ጋ ሄደ።

«ውሰዳት፣ ላንተ ትሁን» አለው። «ከውስጥም ከውጭም የምታውቃት አንተ ነህ።»

የሺዋስ የመከላከያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ምነው? አሁን እኮ ምንም የላትም፤ እኔ እመሰክርላታለሁ።»

«የላትም። ግን በገባሁባት ቁጥር ያን ቆርቆሮ ከእጁ ስቀበል ነው የሚታየኝ። ‹እሺ› ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝ።»

መዝገቡ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት፣ ጃኬቱን ቆልፎ ሺፍቱ እንዳያመልጠው ወደ ፌርማታው ፈጠነ።