ለመመለሻ የተሰፋ ካፖርት

የዚያን ቀን ጠዋትም ባሏ እንደ ወትሮው ቀድሟት ተነሳ። ፊቱን ታጥቦ መስኮቱን ከፈተና በላብ የራሰውን አንሶላ በእሱ በኩል ገልጦ ተወው። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ካፖርቱን አወጣ። መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ትከሻውን በብሩሽ ጠረገ፤ ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጠ። በመጨረሻም የእጁን ጀርባ ገበሩ ውስጥ አስገብቶ፣ የልጁን ትኩሳት እንደሚለካ አባት፣ ጥቂት ቆየ። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ፀሐይ አጭር ስለሆነች ሻዩን የጠጣው ቆሞ ነው። ካፖርቱን መልሶ ሰቀለና፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሌት ተቀን የምትበራውን ትንሽ አምፖል አየት አድርጎ በሩን ገጠም አደረገው።

«ዛሬ ሳልቆይ እመጣለሁ» አላት።

እሷ መስታወቱ ፊት ቆማ ጉትቻዋን እያደረገች ነበር። ሳትዞር «እሺ» አለችው።

ከምሳ በኋላ፣ በሚሠራበት የውሃ ጣቢያ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ባልደረቦቹ ያንቀላፋ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እንደነበር በኋላ ነገሯት።

አሁን ሳሎኑ ሰው ሞልቶበታል። ኬሚስትሪ የምታስተምርበት ኮሌጅ የፕላስቲክ ወንበሮች ልኮላታል፤ ቬንቲሌተሩ የሞቀውን አየር ከላይ ሆኖ መላልሶ ያማስላል። በከተማው ያሉት ያገሯ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ጠዋት የመጡት ከሰዓትም ተመልሰው ይመጣሉ። ላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ቡናውን በፔርሙስ አምጥታ ታድላለች። ሰው ዝም ሲል መቀመጥ የማይችለው ወንደላጤው ፋርማሲስት ደግሞ ሟቹን የሚያነሳ ጨዋታ አያጣም። ኢንጂነሩ ፓምፖቹን ልጆቼ እያለ ይጠራቸው እንደነበር፣ ስልክ ሲደወልለትም ትልቋ ልጄ ዛሬ ያስላታል እያለ ከጨዋታ መሐል ተነስቶ ይሄድ እንደነበር አወራ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ወዲያው ዋጥ አደረጉት።

ሚስትየው ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ለሚያጽናናት ሁሉ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። አላለቀሰችም። ጠንካራ ናት እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ጥንካሬ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ከማልቀሷ በፊት መናገር ያለባት ነገር ነበር፤ የምትነግራት ሰውም ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

የባሏ ታላቅ እህት ናት። ከአገር ቤት የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ በዚያ ሙቀት አስከሬን አውሮፕላን አይጠብቅም። በሩ ላይ ቆማ አፈር እንኳ ሳላለብሰው አለችና ገባች። የደጋ ልብሷን አልቀየረችም፤ በሹራብና በወፍራም ካልሲ ሆና ላቧን በመሐረብ ትጠርጋለች። ነርሷ ቀለል ያለ ቀሚስ ላበድርሽ ብትላት፣ ለለቅሶ እንጂ ለሽርሽር አልመጣሁም ብላ መለሰቻት። ሰዎቹ ተራ በተራ እግዜር ያጥናሽ ሲሏት ትክ ብላ አየቻቸው።

«ሚስቱን አጽናኑ» አለች። «እኔስ ከቀበርኩት ቆይቷል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባት ሚስትየው ብቻ ነበረች።

ወደዚህ አገር ሊመጡ ሲሉ ትዳራቸው ዓመታት አስቆጥሮ ነበር፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም። ዘመድ ሁሉ ሊሰናበታቸው በተሰበሰበበት ዕለት የባሏ እናት ከከተማው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉትን ወፍራም ካፖርት ይዘው ብቅ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወበቅ አገር ለሚሄድ ሰው ካፖርት! እናትየው ግን አልሳቁም። ለመሄጃ አይደለም፣ ለመመለሻ ነው አሉት፤ ሙቀት የለመደ ገላህን ብርዱ እንዳይመታው ከአውሮፕላን ስትወርድ ትለብሰዋለህ። ልጃቸው ተነስቶ እዚያው ለበሰውና ጉልበታቸውን ሳመ።

እህትየው ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ወንድሟ ሚስት ዘወር አለች። «ግዴለም» አለቻት፣ «ሙቀት አገር ነው። እዚያ እንኳ ይበቅል ይሆናል።»

ሁሉም ያልሰማ መሰለ። ሁሉም ግን ሰምቷል፤ ዓይኑም ወደ ሆዷ ሄዷል።

እውነትም እዚህ ሁሉ ነገር ይበቅላል። ገና ሳይቆዩ ጫማቸው ላይ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ወጣ። ቀበቶው ነጣ፤ መጻሕፍቷ አበጡ፤ የሠርጋቸው አልበም ገጽ ከገጽ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ቀድመዋቸው የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ቁም ሳጥን ውስጥ አምፖል አብርቶ መተው እንደሚረዳ ነገሯቸው። አምፖሏ ሁሉንም ማዳን አልቻለችም። ሌላውን ቀስ በቀስ ለሻጋታው ለቀቁለት፤ ካፖርቱን ግን ባሏ አልሰጥም አለ። አንድ ቀን፣ ይህን ያህል ምን ያደክምሃል ብትለው፣ ልብስ ሰፊው እንዳይቀየመኝ ነው ብሎ ቀለደ። እሷም ቀልዱን እንደ ቀልድ ተቀበለችው። ሌላ መልስ መስማት አልፈለገችም።

እሷ ይህን አገር ወዳው ነበር። ሙቀቱን አይደለም፤ አለመታወቁን ነው። ገበያ ስትወጣ አንዲት የውጭ አገር ሴት ናት፤ ኮሌጅ ስትገባ መምህር ናት። ምነው ዝም አላችሁ የሚላት የለም። ጸበልም ሐኪምም የሚጠቁማት የለም። የሥራ ውላቸው ባለቀ ቁጥር ይቺን አንዴ ብቻ እናድሰው ትለዋለች። እሱም የቁም ሳጥኑን በር አየት ያደርግና እሺ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ሰዎቹ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አራቁ። ፋርማሲስቱ ሌላ ጨዋታ አመጣ።

«ኢንጂነር እኮ ከእኔ ዘንድ የብል መድኃኒት ሳይገዛ ወር አያልፍም ነበር። እዚህ አገር ብሉ ራሱ በሙቀት ይሞታል፣ ምን አስፈራህ ብለው፣ አንተ መድኃኒትህን ሽጥ፣ ምክር አላዘዝኩም አለኝ።»

እህትየው መሐረቧን ከፊቷ ላይ አነሳች። ብል የሚበላው ምን ልብስ ቢኖረው ነው ስትል ጠየቀች። የጠየቀችው ፋርማሲስቱን ነው፤ የምታየው ግን የወንድሟን ሚስት ነበር። ሚስትየው ቡናው አልቆ ይሆናል ብላ ተነሳች። ነርሷ ገና አላለቀም ስትላት ሰምታለች፤ ቢሆንም ወደ ማድ ቤት ገባችና የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

እህትየው ያን ጊዜ ከአገር ቤት የደወለችው እሷና ባሏ እዚሁ፣ በዚህች ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳሉ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ እናቱ መታመማቸውን ሰምቶ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ተፈቅዶለትም ነበር። ካፖርቱን ከነማንጠልጠያው አልጋው ላይ አጋድሞ ሻንጣ ሲያወርድ ደረሰችበት። ብቻህን ብትሄድ የት ጣልካት ይሉሃል አለችው። አብሬህ ብሄድ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀኝ ታውቃለህ። ከሄድክ ያስቀሩሃል፤ እኔ ያን ቤት ዳግመኛ አልገባም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እሱ ሻንጣውን እንደያዘ ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ካፖርቱን መልሶ ወደ ቦታው ሰቀለው። እማዬ ጠንካራ ናት፣ ትድናለች አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ።

አልዳኑም። ስልኩ ሲደወል ሥራው አልለቀቀኝም ብሎ መለሰ። የእህቱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ማድ ቤቱን ሞላው፤ ድንጋይ አለችው፤ የእናቱን ጡት የረሳ አለችው፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም አለችው። እሱ ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ ብቻ ይል ነበር። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ የተማሪዎች ፈተና ታርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋ አልቆመም። ስልኩን ዘጋ። ጠዋት ባይሆንም ሄዶ ካፖርቱን አወጣና ብሩሹን አነሳ።

ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ በአንድ ስልክ ያልቅ ነበር።

እህትየው በእነዚህ ቀናት የተኛችው በእነሱ መኝታ ቤት ነው። ሚስትየው ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ይዛዋለች። አንድ ጠዋት እህትየው መብራት ረስተሻል፣ በበሩ ስንጥቅ ይታያል አለቻት። ለእርጥበት ነው ብላ መለሰችላት፤ እውነት ነው፣ ለእርጥበት ነው።

የመመለሻዋ ቀን ጠዋት እህትየው ሻንጣዋን እየዘጋች ሳለ ሚስትየው ገባች። አገር ቤት ስትደርስ ለቅሶ ደራሽ ይጠብቃት እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀቻት።

«አልቀመጥለትም» አለች እህትየው፣ ቀና ሳትል። «እናቱን ላልቀበረ ሰው ጎረቤት ሰብስቤ አላስለቅስም። እማዬ ስትሞት እንኳ የጠየቀችኝ ካፖርቱን ነው። አለ ወይ? አለችኝ። አለ አልኳት። ዋሸኋት። ይሄኔ ለዘበኛ ሰጥቶት ይሆናል።»

የሚስትየው እጅ ኪሷ ውስጥ ገባ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ፋርማሲስቱ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ይነሳል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ባሏ ራሱ ሸፍኗት ነው የሞተው። ቁም ሳጥኑን ከፈተችው።

የአምፖሏ ብርሃን ካፖርቱ ትከሻ ላይ ወርዶ ነበር። እህትየው ቀስ ብላ ተጠጋች። ኮሌታውን ገለጠች፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈች፤ እጇን ኪሱ ውስጥ አስገባች። የራሷ የቆዳ ቦርሳ ማንጠልጠያ በእነዚህ ጥቂት ቀናት አረንጓዴ ሆኖባት ስለነበር ያየችው ነገር ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ማን ነው እንዲህ የያዘው?»

«እሱ። ጠዋት ጠዋት ያናፍሰው ነበር። የሞተ ዕለትም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ እትዬ። ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ አትሂድ አልኩት። ሥራ ነው ያልዎት እኔን ሸፍኖ ነው።» የቁም ሳጥኑን በር እንደያዘች ጨመረች። «እናንተ ቤት ስገባ ፊቴን የሚያይ አልነበረም። ሆዴን ነበር የምታዩት።»

እህትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የድሮ ቀልዷ ትዝ ይበላት አይበላት ከፊቷ ማወቅ አልተቻለም። እጇ የካፖርቱን የታችኛውን ጫፍ እንደያዘ ነው።

«በስልክ ስሰድበው አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«ፈተና አርም ነበር።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነሳችና ካፖርቱን ከማንጠልጠያው አውጥታ በሹራቧ ላይ ለበሰችው። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ደረሰ። ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፈች፤ ግንባሯ ላይ ላቡ ሲወርድ መሐረቧን አላነሳችም።

«ስትወርድ ትለብሰዋለህ ብላው ነበር» አለች። «እሱ ባይገባ ካፖርቱ ይግባ። ለቅሶውን እቀመጣለሁ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አንቺን ምን እንደምልሽ ገና አላወቅሁም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ሚስትየው።

ፋርማሲስቱ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሳ ደረጃውን የምትወርደውን ሴት አይቶ ሊቀበላት ወደ ላይ ወጣ። ሻንጣዋን ጫነ፤ የመኪናውን ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ከፈተላት፤ መንገዱን ሁሉ አንድም ቀልድ እንዳላወራ አብራ የሸኘችው ነርስ በኋላ ለሚስትየው ነገረቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው ተነሳች። ፊቷን ታጥባ መስኮቱን ከፈተች። የፕላስቲክ ወንበሮቹን የሚወስዱት ሰዎች ገና አልመጡም፤ ሳሎኑ ውስጥ እርስ በርስ ተደራርበው ቆመዋል። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት አምፖሏ እንደበራች ነች። ልታጠፋት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ተወቻት። የእጇን ጀርባ ባዶው ማንጠልጠያ ሥር፣ ገበሩ በነበረበት በኩል አስገብታ ጥቂት ቆየች።

ቦታው ሙቅና ደረቅ ነው። ካፖርቱ የለም። ሳልቆይ እመጣለሁ ያላት ሰው የለም።