ዳታው ተዘግቶ

ልብስ ሰፊዋ ዳታውን ስትከፍት ስልኩ መዳፏ ላይ ነዘረ፣ ደግሞም ነዘረ። ሐኪሙ ደጋግሞ ደውሎ አጥቷታል።

ክው አለች። ከጠዋት ጀምራ ስፌቷን አቋርጣ ስትጠብቅ የቆየችው ይህንኑ ጥሪ ነበር። ልጇ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ደረጃ መውጣት ይቅርና ከአልጋዋ እስከ በሩ ስትሄድ እንኳ ከንፈሯ ይጠቁራል። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ሕፃናትን በነፃ ያክማል፤ የሚወስደውን ልጅ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ በቪዲዮ ማየት አለበት። ቀኑ ዛሬ ነው። ካልተገኙ ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል ተብላለች።

ታዲያ ምን ሆና ዘጋችው? ወይ ጉድ! በዚያ ሰፈር ዳታ ከፍቶ የሚቀመጥ ማን አለ? ይከፍቱታል፣ ጉዳያቸውን ይጨርሳሉ፣ ይዘጉታል። አለዚያ ስልኩ ማንም ሳይነካው ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። እሷም ለዛሬ ብላ የገዛችው ጥቅል እንዳያልቅባት ስትከፍት ስትዘጋ አረፈደች። የሐኪሙ አገር ሰው ይህን በምን ይወቅ? እዚያ ኢንተርኔት እንደ አየር ነው፤ አየር የሚዘጋ የለም።

መልሳ ደወለች። እግዜር ይስጠው፣ አነሳ። ከጎኑ አስተርጓሚዋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ስትተነፍስ ደረቷን ማየት እንደሚፈልግ ነገረቻት። እናት የልጅቷን ቀሚስ ቁልፍ ፈትታ ሳትጨርስ የሐኪሙ ፊት ተቆራረጠ፣ ከዚያም ደርቆ ቀረ። ጥቅሉ ሊያልቅ መሆኑን የሚናገር መልእክት መጣ። ስንት የሳሳችለትን ቪዲዮው ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

ድምፁ ግን አልጠፋም። «አይዞሽ እህቴ፣ ምስሉ ነው የቆመው» አለች አስተርጓሚዋ። «ቤት ወዳለው ዋይፋይ ቀይሪውና እንቀጥላለን። ዶክተሩ ትንሽ ይጠብቅሻል።»

ቤቷን ቃኘችው። የስፌት መኪና፣ አልጋ፣ የውሃ ጄሪካን። የለኝም ብትል በቃ ወደሚቀጥለው ልጅ የሚያልፉ መሰላት። 

«እሺ» አለች፣ «አሁን እቀይረዋለሁ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «እማ፣ እኛ ቤት አለ እንዴ?»

 አዝላት ባዶ እግሯን ወጣች። ዋይፋይ ያለው ቤት ፍለጋ ወደ ግራ ይሻል ወደ ቀኝ አላወቀችም፤ ዝም ብላ ሮጠች። የልጅቷ ልብ ጀርባዋን ይደልቃታል። ስልኩ ውስጥ አስተርጓሚዋ «አለሽ?» ትላለች።