ጣውንቲቱ ስትሰናበት

የቴክኒሻኑ አክስት የሚያስተዳድሩት የሕክምና ላቦራቶሪ ከደረጃው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ሰርቨሩ የሚኖረው እዚያ ነው። የታካሚዎች የምርመራ ውጤት ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ስለሆነ፣ ቴክኒሻኑ ክፍሏን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፋል፤ ማራገቢያው ድምፁን ከቀየረ በግድግዳ በኩል ይሰማዋል።

ሚስቱ ሰርቨሩን "ጣውንቴ" ትለዋለች። ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። ወንድሙ ያገባ ዕለት ማቀዝቀዣው ቆመ ተብሎ ተጠርቶ፣ ሙሽሮቹ ገና ሳይገቡ በሙሉ ልብሱ ሮጦ ሄዷል። አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን እናቷ ዘንድ ሄዳ ልትወልድ ነው።

"ምጥ ሲመጣ አጠገቤ ካልሆንክ፣" አለችው አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈችለት፣ "የልጁን አባት ስም ሲጠይቁኝ የጣውንቴን ስም ነው የምነግራቸው።"

ሳቀ። ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም።

በዚያው ሳምንት ለአክስቱ ነገራቸው። ሰርቨር የሚያከራይ ኩባንያ አለ፤ መረጃው ተቆልፎ በእነሱ ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ ጥገናውም ጥበቃውም የእነሱ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ብቻ ነው።

"ዕቃዬን ሰው ቤት ላስቀምጥ ነው?" አሉ አክስቱ።

"በአደራ፤ አዎ።"

"ከተበላሸስ ማንን ልቆጣ?"

"ስልክ ቁጥር አላቸው።"

"አንተን መቆጣት ይሻለኛል። አንተ ቅርብ ነህ።"

"እኔም ለዚሁ ነው፣ አክስቴ። ሁልጊዜ ቅርብ መሆን ደከመኝ።"

አክስቱ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩት። "እሺ፤ ልጁ ግን እኔን ይምሰል" አሉ።

መረጃው ተዛወረ። አሮጌው ማሽን ተሸጠ፤ በቦታው ባልዲና መጥረጊያ ገባ። ባልና ሚስቱም ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ገና ከከተማው ሳይርቁ ስልኩ ጮኸ።

"ስክሪኑ ባዶ ሆኗል" አሉ አክስቱ። "በራፋችን ላይ መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች የኢንተርኔቱን ገመድ በጥሰውታል። ኩባንያው ደግሞ 'የኛ ማሽን ደህና ነው' ይለኛል።"

"እውነታቸውን ነው።"

"የድሮው ቢኖር ይሠራ ነበር?"

ውሸቱ ከአፉ ደርሶ ተመለሰ። "አዎ። የውጪው ቢቋረጥም እኛ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር።"

ሚስቱ ሻንጣዋን ከእግሯ ሥር አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋለች። በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች፣ "ወራጅ ልበልልህ?" አለችው። ቁጣ አልነበረበትም፤ የለመደችው ነገር ነው።

እሱም ሳያውቀው የፊቱን ወንበር ይዞ ግማሽ ተነስቷል። ወርዶስ? በሐሳቡ ተመለሰ፤ ከደረጃው ሥር ያለችውን በር ከፈተ። ባልዲ። መጥረጊያ። የሚጫነው ቁልፍ፣ የሚያራግፈው አቧራ የለም። ገመዱን የሚቀጥሉት የሌላ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ያን ያህል ዓመት የሚሠሩት ያላጡ እጆቹ ሥራ ፈቱ። ቅር አለው። እፎይም አለው። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አልቻለም።

"አክስቴ፣ ብመጣም አብሬዎት ከመቆም ሌላ የምሠራው የለም።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እስኪቀጠል ድረስ የዛሬውን ውጤት በእጅ ይጻፉ። የድሮው ውጤት ኩባንያው ዘንድ አለ፤ የጠፋ ነገር የለም።"

"የኔን ጽሑፍ ማን ያነበዋል?"

"ለሐኪሞቹ ደውለው እርስዎ ያንብቡላቸው።"

"አንተ ልጅ፣ ስትርቅ አፍ አወጣህ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር። "በል፣ ልጅቷን አደራ።"

ተቀመጠ። ሻንጣውን ከሚስቱ ጭን አንስቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።

"ተመልሰው ይደውላሉ እኮ" አለች።

"ይደውላሉ። እኔም አነሳለሁ።"

ጥቂት አየችውና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ብዙም ሳትቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር በሌላኛው ክንዱ ጠበቅ ያደርጋታል።